ሬገን በካንሳስ ሲቲ ታጭተው ቢሆን ኖሮ፦ የ1976ቱ የሪፐብሊካን ጉባኤ፣ የአፍሪካ ቀንድ እና የ«ኖሮ» አገባብ

ስለ 1969 ዓ.ም. በተወሳ ቁጥር በኢትዮጵያውያን ጨዋታ መካከል ብቅ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ካርተር ባይመረጥ ኖሮ ኢትዮጵያ ወደ ሶቪየት ጎራ ባልገባች ነበር።» በሰዋስው ረገድ ዓረፍተ ነገሯ እንከን የላትም። በታሪክ ረገድ ግን ተናጋሪው ሳያውቀው የተሸከማቸውን ብዙ ግምቶች አምቃ ይዛለች። ካርተር ባይመረጡ ማን ይመረጥ ነበር? የሚመረጠውስ ሰው በአዲስ አበባ ላይ የተለየ መንገድ ይከተል ነበርን? የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ተወዳዳሪው ጄራልድ ፎርድ ነበሩና። ይሁን እንጂ ፎርድ ራሳቸው በሥልጣን ላይ ያሉ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ የገዛ ፓርቲያቸውን ዕጩነት ያገኙት ለጥቂት ነው። ስለዚህ ከካርተሩ «ኖሮ» በስተጀርባ ሌላ «ኖሮ» ቆሟል። እርሱም በኦገስት 1976 እ.ኤ.አ. በካንሳስ ሲቲ ሮናልድ ሬገን ታጭተው ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ጉዳዮች ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ጉዳዮች ደግሞ ዓ.ም. በሚል ምልክት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክቷል።

ወደ ጉባኤው ከመግባት በፊት መሣሪያውን መፈተሽ ያሻል፤ አማርኛ ያልሆነን ታሪክ የሚያወራበት መሣሪያ እንደሚገባው አልተጠናምና። «ቢ-» ከትንቢት አንቀጽ ጋር ብቻውን ሲቆም በሩን ክፍት ይተዋል። «ሬገን ቢታጩ ያሸንፋሉ» የሚል ሰው ጉባኤው ገና እንዳልተቋጨ አድርጎ ይናገራል። «ኖሮ» ሲታከልበት በሩ ይዘጋል፤ ሰሚው ሬገን አለመታጨታቸውን ከዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ብቻ ይረዳል። «ታጭተው ቢሆን ኖሮ» ሲባል ደግሞ ያልሆነው ነገር በአንድ በታወቀ ጊዜ ሊፈጸም ይችል የነበረ መሆኑ ይጠቆማል። ለታሪክ ሥራ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ጸሐፊው «መቼ?» ለሚል ጥያቄ መልስ እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋልና።

«ኖሮ» ራሱ «ኖረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቦዝ አንቀጽ ነው። ይኸው ግሥ «ለካ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል» በሚል አነጋገር ሲመጣ ነገሩ በእርግጥ የነበረ፣ ተናጋሪው ግን አሁን ገና የደረሰበት መሆኑን ያመለክታል። አንድ ግሥ ያልሆነውንም፣ ሆኖ ሳይታወቅ የቆየውንም መሸከሙ የሚያስገርም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ከሁለቱ አጠቃቀሞች መካከል ላይ ይወድቃል፤ በ1969 ዓ.ም. ካርተር አደረጉት ከሚባለው መካከል ብዙው ቀድሞ የተጀመረ ኖሯልና።

በመልሱ ሐረግ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። «ይሸነፉ ነበር» ሁለት ንባብ አለው፤ ደጋግሞ የተፈጸመ የኃላፊ ጊዜ ልማድንም፣ ያልተፈጸመ ውጤትንም ያመለክታል። «በተሸነፉ ነበር» ግን ወደ ሁለተኛው ብቻ ያዘነብላል፤ አሉታው «ባልተሸነፉ ነበር» እንደዚሁ። በግዕዝ ይኸው ሥራ በ«ሶበ» እና በመልሱ ግሥ ላይ በሚቀጸለው «እም» ይከናወናል። ትግርኛ በመልሱ ግሥ ላይ የሚያመጣው «ም-» የዚሁ ዘመድ ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ከእኅቶቹ ተለይቶ «በ-»ን ከኃላፊ አንቀጽና ከ«ነበር» ጋር አጣምሯል። በዕለታዊ ንግግር ግን «ይሸነፉ ነበር» የሚለው ስለሚበረታ፣ ያልሆነ ነገር የተለመደ ነገር መስሎ የሚሰማበት ጊዜ አለ። በዓረፍተ ነገሩ መግቢያ ላይ «ኖሮ» ከተዘነጋ ግምቱ ቀስ በቀስ ወደ ትረካ ይለወጣል።

አሁን ወደ ጉባኤው። ፎርድ ለምክትል ፕሬዚዳንትነትም ሆነ ለፕሬዚዳንትነት በሕዝብ ሳይመረጡ፣ ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣን ሲለቁ በኦገስት 9 ቀን 1974 ወንበሩን የያዙ ሰው ነበሩ። ሬገን የካሊፎርኒያ አገረ ገዥነታቸውን በ1975 መጀመሪያ ጨርሰው በዚያው ዓመት መጨረሻ ተነሡባቸው። የ1976 ቅድመ ምርጫዎች ሲጀመሩ ሬገን በኒው ሃምፕሻየር ከ2,000 በሚያንስ ድምፅ ተሸነፉ፤ በፍሎሪዳና በኢሊኖይም ቀናቸው ጠመመ። ማርች 23 ቀን በሰሜን ካሮላይና ባያሸንፉ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ባበቃ ነበር። ያሸነፉትም በሴናተር ጄሲ ሄልምስ ድርጅት ረዳትነት፣ የፓናማ ቦይን ጉዳይ ዋና መፈክር አድርገው ነው። ሜይ 1 ቀን ቴክሳስን ጠቅልለው ወሰዱ። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሄንሪ ኪሲንጀር ሉሳካ ላይ ቆመው አሜሪካ በሮዴሽያ የጥቁሮችን የብዙኃን አገዛዝ እንደምትደግፍ ተናግረው ነበር፤ ሬገን ይህንንም መሣሪያ አደረጉት። አፍሪካ በአንድ የአሜሪካ ፓርቲ የውስጥ ሽኩቻ ውስጥ እንዲህ በግልጽ የገባችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ «ዕጩ» የሚለውን የሰርግ ቃል መምረጡ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። የታጨች ልጅ ገና አልተዳረችም፤ በመካከል ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ ቃልም ይታጠፋል። የካንሳስ ሲቲው ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም።

ጉባኤው በኬምፐር አሬና ከኦገስት 16 እስከ 19 ሲካሄድ 2,259 ተወካዮች ነበሩት፤ ለዕጩነት 1,130 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። የሬገን የዘመቻ ኃላፊ ጆን ሲርስ ወሳኙን ትግል ያደረጉት በስሞቹ ላይ ሳይሆን በደንብ ላይ ነው። ሬገን ጁላይ 26 ቀን የፔንሲልቫኒያውን ለዘብተኛ ሴናተር ሪቻርድ ሽዋይከርን ምክትላቸው እንደሚያደርጉ አስቀድመው አስታውቀው ነበር። ሲርስ ይህን ይዘው ማንኛውም ዕጩ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ምክትሉን እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ፣ 16-ሲ የተባለ ደንብ አቀረቡ። ፎርድ ማንንም ቢጠሩ አንዱን ክንፍ ያስቀይማሉ ተብሎ ታስቦ ነው። ደንቡ 1,069 ለ1,180 ወደቀ። በማግስቱ ሌሊት ፎርድ 1,187፣ ሬገን 1,070 ድምፅ አገኙ፤ ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ ያሻገራቸውም የዌስት ቨርጂኒያ ድምፅ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሚሲሲፒ ልዩ ቦታ ተሰጥቷታል። የክፍለ ግዛቷ ልዑካን 30 ድምፃቸውን ባንድነት የመስጠት ልማድ ነበራቸው፤ መሪያቸው ክላርክ ሪድ በሽዋይከር መጠራት ተቆጥተው ወደ ፎርድ አዘነበሉ። «ሚሲሲፒ ባትከዳ ኖሮ ሬገን በታጩ ነበር» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። 30ዎቹ ድምፆች ሙሉ በሙሉ ቢገለበጡ ደንቡ 1,099 ለ1,150 ይወድቅ ነበር። ደንቡ እንዲያልፍ 56 ሰዎች፣ ሬገን በመጨረሻው ድምፅ 1,130 እንዲሞላላቸው ደግሞ 60 ሰዎች ከፎርድ ወገን መሻገር ነበረባቸው። ስለዚህ ሚሲሲፒ ብቻዋን የምትበቃው፣ የእርሷ መገልበጥ ሌሎች ወላዋዮችን ይዞ ይወርድ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ ብቻ ነው። ይህ የማይታሰብ አይደለም፤ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አንድ ጊዜ ሲሸነፍ ከታየ ሹመት የሚጠብቀው ሁሉ ፊቱን ያዞራልና። ሆኖም ይህ ሁለተኛ ግምት ነው፤ ከፊተኛው ጋር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም።

ከሽዋይከር ይልቅ ሌላ ሰው ቢጠሩ ኖሮስ? በጁላይ መጨረሻ የሬገን ወገን ቁጥር እያነሰ መሄዱን ያውቅ ነበር፤ ሽዋይከር የተጠሩትም የሰሜን ምሥራቁን ተወካዮች ለመሳብ ነው። አንድም የፔንሲልቫኒያ ጎርፍ አልመጣም፤ ደቡቡ ግን ተነካ። ስለዚህ ለሬገን መታጨት እጅግ የሚቀርበው መንገድ ካንሳስ ሲቲ ላይ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ፣ በኒው ሃምፕሻየር በረዶ ውስጥ የተዘጋው ነው። እዚያ ከ2,000 ያነሰው ድምፅ ወደ ሌላ ወገን ቢያዘነብል ኖሮ ያልተመረጠ ፕሬዚዳንት በመጀመሪያው ፈተና ተሸንፎ በታየ ነበር፤ ፍሎሪዳና ኢሊኖይም እንደሆኑት ባልሆኑ ነበር። «ታጭተው ቢሆን ኖሮ» የሚለው ሐረግ «መቼ?» ብሎ ሲያፋጥጥ ተገቢው መልስ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1976 ነው።

ሬገን ከታጩ በኋላ ካርተርን ያሸንፉ ነበርን? በኖቬምበር ካርተር 297፣ ፎርድ 240 የወኪል መራጮች ድምፅ አገኙ፤ አንድ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወኪል መራጭ ለፎርድ መስጠት ሲገባው ለሬገን ሰጥቷል። (ያልሆነው ታሪክ በሆነው መዝገብ ላይ የቀረበት ብቸኛ ምልክት ይህ አንድ ድምፅ ነው።) ሽዋይከር ፔንሲልቫኒያን ከነ27 ድምፅዋ ይዘው ቢመጡ እንኳ ካርተር 270 ይቀራቸው ነበር፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ልክ ያው ነው። ካርተር በጠባብ ልዩነት ያሸነፉባት ሚሲሲፒ በ7 ድምፅዋ ብትታከል ነው ሚዛኑ የሚገለበጠው። ያ ደግሞ ፎርድ የያዟቸው ሚሺጋን፣ ኢሊኖይ፣ ኒው ጀርሲና ኮነቲከት አንዳቸውም ሳይጎድሉ ነው። ሚሺጋን የፎርድ አገር ነበረች፤ የተቀሩት ለወግ አጥባቂ ዕጩ የማይመቹ ነበሩ። በሌላ በኩል ፎርድ በኦክቶበር 6ቱ ክርክር ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት የበላይነት ሥር እንዳልሆነች የተናገሩትን ስሕተት ሬገን ሊሠሩት የሚችሉ ሰው አልነበሩም። ሁለቱ ሲመዛዘኑ የሬገን መሸነፍ ከማሸነፋቸው ይልቅ ሚዛን ይደፋል።

ይህም ለአሜሪካ ታሪክ ከሁሉ የከበደውን ውጤት ያመጣል። በ1976 ታጭተው የተሸነፉ ሬገን በ1980 የ69 ዓመት ሰው፣ በ1968 እንዲያው ለዕጩነት ሞክረው ያልተሳካላቸው፣ አሁን ደግሞ እንደ ባሪ ጎልድዋተር የወግ አጥባቂነት ኪሳራ ምልክት ይሆኑ ነበር። ፓርቲው ወደ ሃዋርድ ቤከር ወይም ወደ ጆርጅ ቡሽ ባዘነበለ ነበር። ካንሳስ ሲቲ ላይ ፎርድ ማሸነፋቸው የኖቬምበሩን ሽንፈት የለዘብተኞቹ ሽንፈት አደረገው፤ ለሬገን የ1980ን በር የከፈተላቸው የ1976 ውድቀታቸው ነው።

ለአፍሪካ ቀንድ ግን ይህ መንገድ አንዳች አይለውጥም፤ ሬገን ታጭተው ከተሸነፉ ጥር 12 ቀን 1969 ዓ.ም. ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት ያው ካርተር ናቸው። ስለዚህ በመግቢያው የተጠቀሰችው ዓረፍተ ነገር የምትፈተነው በጣም ሩቅ በሆነው ግምት ብቻ ነው፤ ሬገን ታጭተው፣ አሸንፈውም ቢሆን ኖሮ በሚለው።

በሆነው ታሪክ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው። ደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራሙን ያወጀው በሚያዝያ 1968 ዓ.ም.፣ ኪሲንጀር ሉሳካ ላይ በተናገሩበት ወቅት ነው። ከሞስኮ ጋር የመጀመሪያው የጦር መሣሪያ ስምምነት የተፈረመው በዲሴምበር 1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ጊዜ ፎርድ ገና በዋይት ሐውስ ነበሩ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገደሉና ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቀለሉ። የካቲት 17 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳይረስ ቫንስ በሰብአዊ መብት ረገጣ ምክንያት ለኢትዮጵያ፣ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠው እርዳታ እንደሚቀነስ አስታወቁ። ሚያዝያ 15 ቀን ደርግ በአስመራ የሚገኘውን የቃኘው ጣቢያንና የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪዎች ጽሕፈት ቤት ጨምሮ አምስት የአሜሪካ ተቋማት እንዲዘጉ አዘዘ።

ካርተርን ተጠያቂ የሚያደርገው ትረካ የሚቆመው በየካቲት 17 ላይ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያሉት ሁለት ቀኖች፣ ማለትም የፕሮግራሙ መታወጅና የሞስኮው ስምምነት፣ ከካርተር አይመጡም። የቃኘው ጣቢያም ቢሆን ዋጋው ወድቆ ነበር፤ የሬዲዮ መጥለፉን ሥራ ሳተላይቶች ተክተውታል፤ የ1945 ዓ.ም. ስምምነትም የ25 ዓመት ዕድሜው በ1970 ዓ.ም. ያበቃ ነበር። ጣቢያው ሳይኖር ዋሽንግተን ለአዲስ አበባ የምትከፍለው ዋጋ ምክንያቱን ያጣል።

ሬገን ምን ያደርጉ ነበር? የዘመቻቸው ዋና ክስ ፎርድና ኪሲንጀር ለሶቪየት ኅብረት ለዘቡ የሚል ነበር፤ ካንሳስ ሲቲ ላይም የሬገን ወገን በውጭ ፖሊሲ ረገድ ሥነ ምግባርን የሚጠይቅ፣ ኪሲንጀርን የሚነቅፍ አንቀጽ አቅርቦ የፎርድ ሰዎች ሳይሟገቱ ተቀብለውታል። እንዲህ ያለ ፕሬዚዳንት ማርክሳዊ ነኝ ብሎ ያወጀውን ደርግ ያስታጥቅ ነበር ማለት አስቸጋሪ ነው። ካርተር በሰብአዊ መብት ስም የዘጉትን በር ሬገን በፀረ ኮሚኒዝም ስም ይዘጉት ነበር። የምክንያቱ ቃል ይለያይ እንጂ መንግሥቱ ወደ ሞስኮ የሚበሩበት አውሮፕላን ያው ነው። ሶማሊያን በመደገፍ ረገድስ? በ1976 ሶማሊያ የሶቪየት ወዳጅ፣ በርበራም የሶቪየት ባሕር ኃይል ማረፊያ ነበረች። ዚያድ ባሬ ከሞስኮ ጋር ውላቸውን ያፈረሱት ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ጦራቸው ኦጋዴን ውስጥ ከገባ ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ላይ ግን ልዩነት ይታያል። የካርተር አስተዳደር በጁላይ 1977 ለሶማሊያ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት በመርሕ ደረጃ ተስማምቶ፣ ወረራው ሲታወቅ ቃሉን አነሣ። ሬገን እንዲህ ያለውን ማመንታት ላያሳዩ ይችሉ ነበር። የአሜሪካ መሣሪያ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞቃዲሾ ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት 26 ቀን በካራማራ የተገኘው ድል ረዥምና እጅግ ደም አፋሳሽ በሆነ ነበር። ያም ሆኖ እንግሬሱ ከቬትናም በኋላ የፕሬዚዳንቱን እጅ ማሰሩ አይዘነጋም፤ በ1976 የወጣው የክላርክ ማሻሻያ በአንጎላ ለሚዋጉ ወገኖች እርዳታን ከልክሎ ነበር። የሬገን ፍላጎት ብቻውን አይበቃም።

እንግዲህ በዚህ መልክ የተፈተነችው ዓረፍተ ነገር ቢያንስ እንደሚከተለው ልትታረም ይገባታል፦ «ካርተር ባይመረጡ ኖሮ ኢትዮጵያ ወደ ሶቪየት ጎራ በሌላ ሰበብ በገባች ነበር፤ የኦጋዴን ጦርነት ግን ምናልባት በሌላ መልክ በተካሄደ ነበር።» የመጀመሪያው ሐረግ እርግጠኛ ነው፤ ሁለተኛው «ምናልባት»ን ያልፈለገ አልነበረም።

አንድ ጉዳይ ይቀራል፤ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ሙያም ከሁሉ የሚቀርብ ነው። ካርተር ማርች 17 ቀን 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ በሱዳን ካምፖች ለነበሩ ኢትዮጵያውያን የአሜሪካን በር በሰፊው ከፍቷል፤ ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚሰማው አማርኛ በከፊል የዚያ ውጤት ነው። ካርተር ባይመረጡ ኖሮ ይህ ሕግ በዚህ መልክ በወጣ ነበርን? ረቂቁን በሴኔት የመሩት ኤድዋርድ ኬኔዲ ስለነበሩ ጥያቄው ወደ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ብቻ የሚጠብ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ ስደተኛ ብሎ የሚቀበለው ከኮሚኒስት አገሮች ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚሸሸውን ነበር። በዚያ ሕግ ትርጓሜ የመካከለኛው ምሥራቅ ወሰን በምዕራብ ሊቢያ፣ በሰሜን ቱርክ፣ በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በደቡብ ደግሞ ሳውዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ ነበሩ። ማለትም አንድ የጎንደር ልጅ ካርቱም ላይ ሆኖ ለአሜሪካ ሕግ ቀድሞውኑ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ኖሯል፤ የጎደለው የቦታ ቁጥር ነበር። ሬገን ወይም ሌላ ሰው በዋይት ሐውስ ቢሆኑ ኖሮ በኮሚኒስት አገር ስደተኛነት ስም ይኸው በር በሌላ ስፋት ይከፈት እንደነበር መገመት ይቻላል፤ ምን ያህል ሰው ያልፍበት እንደነበር ግን በ«ኖሮ» የሚቆጠር አይደለም።